«1972 ሞዴል ነው» ሲሏችሁ ቀብድ እንዳትሰጡ፦ አሮጌ ፊያት 500 ለምትገዙ

ጣሊያን አገር አሮጌ ቺንኩዌቼንቶ ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ትምህርቱን በ9,500 ዩሮ ነው የገዛሁት። እናንተ በነፃ ውሰዱት።

አባቴ አዲስ አበባ ላይ ሰይቼንቶ ታክሲ እየነዳ ነው ያሳደገን። ትንሽ፣ ክብ ፊያት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንዲት ልግዛ እያልኩ ስቆጥብ ኖርኩ። ደህና ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ አላገኘሁም። ስለዚህ ወደ ታናሿ፣ ወደ 500 ዞርኩ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስላለ በአጭሩ ልንገራችሁ። 600 በ1955 ወጣች፤ አራት ሲሊንደር አላት፤ ሞተሯ በውሃ ይቀዘቅዛል። 500 በ1957 ወጣች፤ ሁለት ሲሊንደር ብቻ አላት፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ሁለቱንም የነደፋቸው ዳንቴ ጃኮሳ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማስታወቂያው «500 ኤል፣ 1972፣ ሁሉ ነገሯ የፋብሪካ» ይላል። ኤል «ሉሶ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የቅንጦቷ ሞዴል ማለት ነው። ሄጄ አየኋት። ከፊትም ከኋላም ፓራውልቱ ላይ ያ የኤል መለያ የሆነው ቱቦ ብረት አለ። ወለሏ ምንጣፍ ለብሷል። ዳሽቦርዷ ጥቁር ነው፤ የፍጥነት ቆጣሪው ክብ ሳይሆን ወደ ጎን ረዘም ያለ ነው፤ የነዳጅ መጠን የሚያሳየው መርፌም አለ። ሻጩ ሊብሬቶውን ሰጠኝ። እኛ አገር ሊብሬ የምንለው ነው። ዓመቱን ፈለግኩ፤ 1972 ይላል። ታርጋውን አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ደስ አለኝ፤ ከፈልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቫልቭ ለማስተካከል አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው የኋላውን ክዳን ከፈተ። ሞተሩ አካል ላይ ያለውን ቅባት በጨርቅ ጠረገና በባትሪ እያበራ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ኤል ነች ያለህ ማነው?» አለኝ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው በ126 ኤ5 የሚጀምር ቁጥር ነበር። ሊብሬቶውን ከኪሴ አወጣሁ። «ቺሊንድራታ» በሚለው መስመር ላይ፣ ማለትም የሞተሩ መጠን በሲሲ በሚጻፍበት፣ ምን እንደተጻፈ አሳየኝ፦ 594። ወረቀቱ ያን ሁሉ ጊዜ እኔው ጋ ነበር። ዓመቱን ብቻ አይቼ ነው ያጠፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጥመዱ ዓመቱ ላይ ነው። በ1972 ፊያት ሦስት ዓይነት 500 ነው ያመረተው። ኤፍ ከ1965 ጀምሮ የነበረችው ናት። ኤል በ1968 ተጨመረች። አር ደግሞ በዚያው በ1972 መጨረሻ ላይ፣ 126 ከምትባለው አዲስ መኪና ጋር አብራ ወጣች። ኤፍና ኤል ሲያበቁ አር ብቻዋን እስከ 1975 ቀጠለች። ስለዚህ «1972» የሚል ወረቀት ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች አይነግራችሁም። ሻጮችም ይህን በደንብ ያውቃሉ።

አር ከ126 ወለሉንና 594 ሲሲ ሞተሩን ወስዳለች። ኤፍና ኤል 499.5 ሲሲ ናቸው። አር መጥፎ መኪና ናት እያልኩ አይደለም፤ እኔ አሁንም እየነዳኋት ነው። ግን ያኔ የፊያት ሐሳብ ሁሉ 126 ላይ ስለነበር፣ አርን ቀለል አድርጎ፣ ወጪ እየቀነሰ ነው የሠራት። ሰብሳቢዎች ያን ያህል አይሻሙባትም። ዋጋዋም ከኤፍና ከኤል ዝቅ ይላል። እኔ የአር ዕቃ በኤል ዋጋ ነው የገዛሁት።

ታዲያ አር እንዴት ኤል ትመስላለች? በጣም ቀላል ነው። የ500 መለዋወጫ እስከ ዛሬ በብዛት ይመረታል። ቱቦ ብረቱ፣ ዳሽቦርዱ፣ ምንጣፉ፣ «500 ኤል» የሚለው የኋላ ጽሑፍ፣ ሁሉም አዲስ ሆኖ ይሸጣል። ሁለት ቀን ሥራ ነው። ቸርኬው እንኳን ይቀየራል። አር ከፋብሪካ ስትወጣ መሃል ቸርኬው ላይ ክዳን አልነበራትም፤ የቸርኬዋ ቅርጽም የተለየ ነው። ኤፍና ኤል ግን የሚያብረቀርቅ ክዳን አላቸው። የእኔዋ ክዳን ያለው ቸርኬ ተገጥሞላት ነበር። የፊት አርማዋም ተቀይሯል። የአር አርማ የፊያት አራቱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው በዘመም ሳጥን ውስጥ ያሉበት ነው።

ስለዚህ በብሎን የሚታሰር፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነገር አትመኑ። ብረት ላይ የተቀረጸውን ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩን የፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ፈልጉት። የሞተሩ ቁጥር ራሱ ሞተሩ ላይ ነው። የኤፍና የኤል ሞተር 110 ኤፍ ብሎ ይጀምራል። ከኤፍ በፊት የነበረችው የዲ 110 ዲ ይላል። 126 የሚል ካያችሁ ወይ አር ናት፣ ወይ ሞተሯ ተቀይሯል። ሞተር መቀየር በጣም የተለመደ ነው። የኋለኛዋ 126 ሞተር 652 ሲሲ ስለሆነ ብዙ ሰው ለጉልበቱ ብሎ 500 ውስጥ ያስገባዋል። ለመንዳት አይከፋም። «የፋብሪካ ነው» ተብሎ መሸጡ ግን ማታለል ነው።

ካምቢዮውንም ሞክሩት። የ500 ካምቢዮ ከመጀመሪያው እስከ አር ድረስ ማርሹን አለስልሶ የሚያስገባው ሲንክሮናይዘር የለውም። ማርሽ ስትቀንሱ ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጣችሁ፣ መሃል ላይ ነዳጅ ሰጥታችሁ ካልሆነ ይንገጫገጫል። አባቴ ቢሆን በአንድ ማርሽ ይለየው ነበር። ከሦስት ወደ ሁለት እንደ ቅቤ ከገባላችሁ፣ የተገጠመው የ126 ካምቢዮ ነው ማለት ነው። እኔ ስሞክራት እንደዚያ ለስልሳልኝ «ምን ያህል ተንከባክበዋታል!» ብዬ ተደስቼ ነበር።

አሁን ደግሞ ዋናው አደጋ። በእኔ ላይ የደረሰው ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ጊንጥ አርማ የለጠፈች 500 አይታችሁ ይሆናል፤ አባርት 595። ካርሎ አባርት የሚባለው ቪየና ተወልዶ ጣሊያን የሠራ ሰው በ1963 ያወጣት ናት። ሞተሯ 593.7 ሲሲ ነው፤ ጉልበቷ 27 የፈረስ ጉልበት፤ ተራዋ ኤፍ 18 ብቻ ናት። እውነተኛዋ አባርት ከተራዋ በብዙ እጥፍ ትሸጣለች። አሁን ቁጥሩን አስተውሉ፦ 593.7 እና 594። የአርና የአባርት ሞተር በሲሲ እኩል ነው! አር መኪና ላይ ጊንጥ ለጥፎ፣ ሊብሬቶውን አውጥቶ «ይኸው 594 ይላል፣ አባርት ናት» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ሲሲው አይበቃም። ዓመቱን እዩ፤ የሞተሩን ቁጥር እዩ። ከዚህም በላይ አባርት ራሱ በዘመኑ ተራ 500 የሚቀይሩ ዕቃዎችን በሣጥን አድርጎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ ዕቃው የተገጠመላት መኪና አለች፤ አባርት ራሱ ሠርቶ የሸጣት አለች፤ ትናንት ጋራዥ ውስጥ የተለበጠችም አለች። ሦስቱን ለመለየት የአባርት ሊቅ ያስፈልጋል። እኔ አልችልም። እናንተም ብቻችሁን አትሞክሩ።

ስፖርቴሎው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 1965 የተሠሩት ኤንና ዲ የበራቸው ማጠፊያ ከኋላ ነው፤ እጀታው ከፊት ነው። ከኤፍ ጀምሮ እንደ ዛሬ መኪና ሆነ። በር አይቶ ዲን ከኤፍ መለየት ይቻላል። ግን ጃርዲኒዬራ የምትባለው ረዥሟ፣ ዕቃ መጫኛ ያላት 500፣ ያንን የድሮ በር እስከ 1977 ይዛው ቀጥላለች። «በሩ የድሮ ነው፣ ስለዚህ የ60ዎቹ ናት» ብሎ ጃርዲኒዬራ የሚሸጥላችሁ ካለ አትቀበሉት።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። በቁጣ ሳይሆን በልመና ነው የገባሁት። ውሉን አወጣና አሳየኝ። ውሉ ላይ የተጻፈው «ፊያት 500፣ 1972፣ ባለችበት ሁኔታ» ብቻ ነው። ኤል የምትለዋ ፊደል የለችም። ማስታወቂያውን ደግሞ አጥፍቶታል፤ እኔም ፎቶ አላነሳሁትም። «500 ሸጥኩልህ፣ 500 ወሰድክ» አለኝ። ልቤ ተሰበረ። ያ ገንዘብ የአራት ዓመት የምሽት ሥራ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ውሉ ላይ የሞዴሉን ፊደል፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ቁጥር አስጽፉ። ሻጩ ፊደሏን አልጽፍም ካለ መልሱን አግኝታችኋል፤ ተነሥታችሁ ውጡ። ሊብሬቶው ላይ ቺሊንድራታ የሚለውን መስመር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ጣሊያንኛ የማይሆንላችሁ ከሆነ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አያሳፍርም። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በታርጋ ቁጥሩ ከመኪና ባለቤትነት መዝገብ «ኤስትራቶ ክሮኖሎጂኮ» አስወጡ። ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። መኪናዋ በማን በማን እጅ እንዳለፈች በቅደም ተከተል ታያላችሁ። ሊጉሪያ ውስጥ ጋርሌንዳ በምትባል ትንሽ ከተማ የፊያት 500 ክለብ ኢታሊያ አለ። ከ1984 ጀምሮ የቆየ ነው። እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው የሰማሁት። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህን ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። ያው ሻጭ ትናንት አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል። ቀይ ናት፤ «500 ኤል፣ 1972» ይላል፤ ዋጋዋ ከእኔም በ1,000 ዩሮ ይበልጣል። ቱቦ ብረቱ ተገጥሞላታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ቸርኬው ላይ ክዳን የለም።