ፓይ-ስፓይን ዐሥር ወር ተጠቅሜበት፦ የአንድ ጎንደሬ ፕሮግራመር ግምገማ

ፓይ-ስፓይን፣ ማለትም የፓይተን ፕሮግራም ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ የጫንሁት ባለፈው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍሁትን ፕሮግራም የሚጠቀም አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር እዚሁ ጎንደር አለ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የ6,000 አባላት ዓመታዊ ወለድ ተሰልቶና ተፈትሾ ለጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ ነበረበት። ስሌቱ አንድ ጊዜ ሲታዘዝ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ደረሰኝ በታረመ ቁጥር ሁሉም እንደ አዲስ መሰላት አለበት። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ሴት፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር፤ በኋላ ግን «ልጄ፣ ወለዱን እዘዝና እኔ ቡናውን ልቁላ፤ ቆልቼ ስጨርስ ይደርስ ይሆናል» ማለት ጀመሩ።

እኔ በበኩሌ ጥፋተኛውን ሳልመረምር ፈርጄበት ነበር። ሰርቨሩ ያረጀ ስለሆነ ዳታቤዙን መሸከም አቅቶታል ብዬ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ነግሬ፣ አዲስ ማሽን ለመግዛት ፕሮፎርማ ወደ መሰብሰቡ ደርሰን ነበር። ፓይ-ስፓይን የሞከርሁት ግዥውን ለማስቀረት አስቤ ሳይሆን ለኮሚቴው በማስረጃነት የማቀርበው አንድ ሥዕል ፈልጌ መሆኑን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ።

መሣሪያው በራስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮፋይለር (የፕሮግራምን የጊዜ አጠቃቀም የሚለካ መሣሪያ) ነው። ከብዙዎቹ የሚለየው እየሠራ ያለን የፓይተን ፕሮግራም ከውጭ ሆኖ መመልከት መቻሉ ነው፤ በኮዱ ውስጥ አንድም መስመር መጨመር፣ ፕሮግራሙንም አጥፍቶ ማስነሣት አያስፈልግም። የፕሮሰሱን (በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም) ሚሞሪ እያነበበ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር በሰከንድ 100 ጊዜ «አሁን የትኛው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ላይ ነህ? ማንስ ጠራህ?» ብሎ ይመዘግባል። ሁሉን ነገር አይቆጥርም፤ ናሙና ይወስዳል። የገበያ እህል ሲገዛ ከጆንያው ሁሉ ጥቂት ጥቂት እፍኝ እየተወሰደ እንደሚታየው ማለት ነው። ሦስት ትእዛዞች አሉት፦ ሪከርድ ናሙናውን ሰብስቦ ሥዕል ያወጣል፣ ቶፕ በስክሪን ላይ በቀጥታ ያሳያል፣ ደምፕ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ የቆመበትን ቦታ ይጽፋል። የሚወጣው ሥዕል በብራውዘር የሚከፈት አንድ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት በማይኖርበት ቀን እንኳ ይነበባል፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥዕሉ ፍሌም ግራፍ ይባላል፤ የኮምፒውተር ፍጥነት ባለሙያው ብሬንዳን ግሬግ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የፈጠረው አሣሣል ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን አንድ ሣጥን ይሆናል፤ ጠሪው ከተጠሪው ጋር ተደራርቦ ይቆማል፤ የሣጥኑ ስፋት በናሙናዎቹ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ያመለክታል። ጀማሪን የሚያሳስተው ነገር ቢኖር ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ቅደም ተከተል የጊዜ ቅደም ተከተል አለመሆኑ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ሰዓት ያባከንሁት «መጀመሪያ ይህ ሆነ፣ ቀጥሎ ይህ» እያልሁ እንደ ታሪክ ሳነበው ነው። መታየት ያለበት ስፋቱ ብቻ ነው።

የእኔ ሥዕል ሲከፈት ዳታቤዝ ብዬ የጠበቅሁት ሣጥን ቀጭን ሆኖ ከጥግ ተለጥፏል። ከ22,000 ያህል ናሙናዎች ውስጥ 62 በመቶውን የያዘው ሰፊ ሣጥን፣ የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ፣ ከዓመታት በፊት ጽፌ የረሳሁት ትንሽ ፈንክሽን ሆኖ ተገኘ። ኮዱን ከፍቼ ሳየው አፈርሁ። ከመስከረም 1 ቀን 1900 ዓ.ም. ይነሣና ዓመት በዓመት፣ ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6 እያለ እየጠየቀ ይወርዳል፤ ዘንድሮ ለመድረስ ለአንዲት ቀን ብቻ ከመቶ በላይ ዙር ይዞራል። በከተማችን ያሉ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህን ቢያዩ ይስቁብኝ ነበር። እነርሱ ወንጌላዊውን ለማወቅ ከአንድ ጀምረው አይቆጥሩም፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍላሉ፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢወጣ ዮሐንስ ይላሉ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በሉቃስ ዓመት መጨረሻ መሆኑን ከዚያው ያገኙታል። እኔም ዙሩን አውጥቼ ማባዛትና ማካፈል አስገባሁበት።

ከዚህ ላይ ግን የመሣሪያው አንድ ዐቢይ ጉድለት ታየኝ። ናሙና ጊዜው የት እንደጠፋ ይናገራል እንጂ ፈንክሽኑ ስንት ጊዜ እንደተጠራ አይናገርም፤ አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ፈንክሽንና ሚሊዮን ጊዜ ተጠርቶ በድምሩ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ፈንክሽን በሥዕሉ ላይ እኩል ሰፊ ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን ሲ-ፕሮፋይልን አንድ ጊዜ ተጠቀምሁ፤ እርሱ እያንዳንዱን ጥሪ ይቆጥራል፤ በዚያው ልክ ፕሮግራሙን ያዘገያል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠሩ ትንንሽ ፈንክሽኖችንም ከእውነታው በላይ ያገዝፋቸዋል። የሰጠኝ ቁጥር 2,190,000 ጥሪ ነበር። ለ6,000 ሲካፈል 365 ይመጣል፤ ማለትም ለእያንዳንዱ አባል የዓመቱን ቀናት ሁሉ እንደ አዲስ ስለውጥ ኖሬአለሁ። አባላቱ ስንትም ቢሆኑ ዓመቱ ግን አንድ ነው፤ 365ቱን ቀናት አንድ ጊዜ ለውጦ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ በቂ ሆነ፤ ይህን ካደረግሁ በኋላ ያሻሻልሁት ቀመር ራሱ ፈጣን መሆኑ እንኳ ብዙም ትርጉም አልነበረውም።

ስሌቱ ከ220 ሰከንድ ወደ 84 ወረደ። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያስቀመጠው ሕግ ውጤቱን አስቀድሞ ይናገር ነበር፦ 62 በመቶውን ሙሉ በሙሉ ብናጠፋው እንኳ 38 በመቶው ስለሚቀር ከ2.6 እጥፍ በላይ ፍጥነት ከዚያ ቦታ አይገኝም። አዲስ ማሽን ቢገዛ ኖሮ ያንኑ ከንቱ ዙር ትንሽ በፍጥነት ይዞርልን ነበር። ፕሮፎርማው ከመዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ።

ስለ መለካት ካነሣሁ ዘንድ፣ መሣሪያውን ሳልወቅስ የማልፈው አንድ የራሴን ስሕተት ልናገር። በነሐሴ አንድ ማታ በላፕቶፔ ላይ አንድ ማሻሻያ ስሞክር፣ ከማሻሻያው በፊት 71 ሰከንድ የነበረው ከማሻሻያው በኋላ 118 ሆነብኝ። ኮዱን መለስሁት፤ አሁንም 118። ሁለት ሰዓት ያህል ከፍሌም ግራፉ ጋር ስሟገት ቆየሁ፤ ሥዕሉም በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ መቶኛን እንጂ ሰከንድን አያሳይምና። ነገሩ የተገለጠልኝ ጎረቤት የሻማ ክብሪት ሊጠይቅ በሩን ሲያንኳኳ ነው፦ መብራት ሄዷል፤ የእኔ ክፍል በባትሪ መብራት ስለምትበራ ልብ አላልሁም። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር የኃይል ቁጠባው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቻርጀሩ መሰካቱን ሳላይ አልለካም፤ አምስት ጊዜ ለክቼም ዝቅተኛውን እይዛለሁ። ታይም-ኢት የተባለው የፓይተን ጊዜ መለኪያ ሰነድም ዝቅተኛውን እንድናይ ይመክራል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእኛ ኮድ ሳይሆን ማሽኑን አብረው ከሚሻሙ ሌሎች ሥራዎች ነው።

በኅዳር የአዘዞ ቅርንጫፍ የብድር ገጹ ለመከፈት ሦስት ሰከንድ እየፈጀ እንደሆነ አመለከተ። ፓይ-ስፓይን አሠማራሁት፤ ሥዕሉ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፕሮግራሙ ምንም አልሠራም ይላል፤ ገጹ ግን አይከፈትም። እዚህ ላይ ሰው መሣሪያውን አምኖ «ኮዱ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እኔም ሁለት ቀን እንደዚያ አልሁ። ምክንያቱ ግን ፓይ-ስፓይ በልማዱ የሚያሳየው ሥራ ላይ ያለን ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ የሥራ መስመር) ብቻ መሆኑ ነው፤ ከኔትወርክ ወይም ከዲስክ መልስ እየጠበቀ የተኛውን ይተወዋል። አይድል (ሥራ ፈት) የሚለውን አማራጭ ጨምሬ ስቀዳ የተደበቀው ጊዜ ሁሉ ወጣ፦ ገጹ 70 ብድሮችን ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱ ብድር የዋሱን ስም ለማምጣት በዋናው ቢሮ ወዳለው ዳታቤዝ ለብቻው ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ 70ው 2.8 ሰከንድ ነው። ጃንጎ በተባለው የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ውስጥ ሴሌክት-ሪሌትድ የምትባል አንዲት ቃል ጨምሬ ዋሶቹ ከብድሮቹ ጋር በአንድ ጉዞ እንዲመጡ አደረግሁ። የመጠበቂያ ጊዜው በነባሪ መደበቁ ግን ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ እንከን ነው፤ የተጠቃሚ እሮሮ ብዙ ጊዜ ስለ መጠበቅ ነውና፣ ቢያንስ «ይህን ያህሉ ናሙና እንቅልፍ ላይ ነበር» የሚል መስመር በሥዕሉ ግርጌ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

የስም ፍለጋውም ሌላ ወጪ ነበር። በእኛ ፊደል ፀሐይ የምትባል አባል ጸሀይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብላም ትመዘገባለች፤ ስለዚህ ፍለጋው የሐን፣ የኀን፣ የሠን፣ የዐንና የፀን ዘሮች ወደ አንድ አንድ ፊደል እየመለሰ ያወዳድራል። አምስቱ በየሰባት ዘራቸው 35 ምትክ ናቸው፤ የእኔ ኮድ ደግሞ ይህን በ6,000 አባላት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ላይ ሰው በፈለገ ቁጥር ይደግመው ነበር። የተስተካከለውን ስም አባሉ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ አዘጋጅቼ በራሱ ዓምድ አስቀመጥሁት፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው ፍለጋ አሁን የቁልፉ ድምፅ ሳይጠፋ ይመልሳል።

ደምፕን እምብዛም አልጠቀምበትም ነበር፤ ዋጋውን ያወቅሁት በከተራ ዕለት ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚወርዱ ቢሮው በጊዜ መዘጋት ነበረበት፤ የዕለት መዝጊያው ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ የቆሙት ሠራተኞች ያዩኛል። ደምፕን አዘዝሁ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ፕሮግራሙ ለአባላት አጭር መልእክት በሚልከው ፈንክሽን ውስጥ ከኔትወርክ መልስ እየጠበቀ መቆሙን ከነመስመር ቁጥሩ ጻፈልኝ። ሪኩዌስትስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እኔም አልሰጠሁትም ነበር። የ10 ሰከንድ ገደብ ጽፌ አስነሣሁትና ከሠራተኞቹ ጋር ወጣሁ።

ሌሎቹ ቅሬታዎቼ ቀለል ያሉ ናቸው። በሊኑክስ ላይ እየሠራ ካለ ፕሮሰስ ጋር ለመያያዝ ብዙ ጊዜ የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ይጠይቃል፤ የሌላን ፕሮሰስ ሚሞሪ የሚያነብ መሣሪያ እንዲህ ቢገደብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰርቨሩ ይለፍ ቃል በሌላ ሰው እጅ ላለበት ባለሙያ ያስቸግራል። ፕሮግራሙ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ዝግ ክፍል ለይቶ በሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነና ፓይ-ስፓይም እዚያው ውስጥ ከተነሣ፣ ኮንቴይነሩ ሲነሣ ሲስ-ፒትሬስ የሚባለው ፈቃድ ካልተሰጠው ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ከፍዬበታለሁ። ስለ ሚሞሪ ፍጆታ ምንም አይነግርም፤ ለዚያ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን ትሬስማሎክን እጠቀማለሁ። በሌላ በኩል ማኅበሩ ክፍት ሆኖ ደንበኛ እያስተናገደ ሳለ ደጋግሜ ቀድቼበታለሁ፤ ዘገየብኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ወለዱ አሁን 50 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከቀረው ውስጥ ሰፊው ሣጥን ፒዲኤፉን የሚጽፈው ላይብረሪ ነው፤ እኔ ያልጻፍሁት ስለሆነና ሪፖርቱም የሚታተመው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ስለሆነ ሳልነካው ትቼዋለሁ። እትዬ ባለፈው ሳምንት የግማሽ ዓመቱን አዝዘው ብረት ምጣዱን ገና ሳይጥዱ ሲወጣላቸው፣ «ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፣ እስቲ እንደገና እዘዘው» አሉኝ። እንደገና አዘዝሁላቸው።