የግንዲላ ቤት በሰሜን ሸዋ ደጋ፦ ባሕር ዛፍ ወይስ የፈረንጅ ጥድ?

በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በተነባበረ ግንዲላ የሚሠራ ቤት የሚመኙ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ በባሕር ዛፍ ይሻል እንደሆነ ወይስ በፈረንጅ ጥድ ነው። ለግድግዳ የፈረንጅ ጥድ ይሻላል እላለሁ፤ ባሕር ዛፍ ብርቱ እንጨት ስለሆነ ለጣሪያው ወራጅና ማገር ይዋል።

ባሕር ዛፍ በየገበሬው ጓሮ ስላለ ግንዲላው ይረክሳል። ይሁንና ሊሰላ የሚገባው የአንድ ግንዲላ ዋጋ ሳይሆን የቆመው ግድግዳ ዋጋ ነው። ስፋቱ 6 በ8 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር የሆነ ቤት 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግንዲላ ሲሠራ 15 ረድፍ ይፈልጋል። ዙሪያው 28 ሜትር ስለሆነ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ 420 ሜትር እንጨት፣ ማለትም ባለ 4 ሜትር 105 ግንዲላ ይገባበታል። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም፤ ከአራቱ አንዱ ቢወድቅ ግዢው 140 ይደርሳል። ስለዚህ የባሕር ዛፉ ዋጋ ከፈረንጅ ጥዱ ቢያንስ በሩብ ካልቀነሰ ገና ከግዢው ላይ ያተረፉት ነገር የለም።

ከዚያ የጭነቱ ሒሳብ ይከተላል። ርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውኃ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ያ ባለ 4 ሜትር ግንዲላ 125 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 105ቱ 130 ኩንታል ያህል ስለሚሆኑ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት። በተቆረጠበት ቦታ ልጡ ተልጦ በጥላ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው፤ የአውራጁና የተሸካሚው ሒሳብም አብሮ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው የጥገና ወጪ ነው። በግንዲላና በግንዲላ መካከል ያለው ክፍተት ጭድ ባለው ጭቃ ይመረጋል። ባሕር ዛፉ በበጋ ሲኮማተርና ሲጠማዘዝ ምርጊቱ ይፈነቀላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ንፋሱ በዚያው ቀዳዳ ስለሚገባ ምርጊቱን በየዓመቱ ማደስ ግድ ይሆናል። ይህን ለመሸሽ በሲሚንቶ የሚያስመርጉ አሉ፤ አጥብቄ የምቃወመው ነው። ሲሚንቶው ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ በጠርዙ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይከፈታል፣ የክረምቱ ዝናብ በዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ግንዲላውም ከላይ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በጩቤ ጫፍ ስንነካው ብረቱ እስከ እጀታው ገብቷል። አንድ የታች ግንዲላ ለመለወጥ ከላዩ ያለውን ሁሉ በክሪክ ማንሣት እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

የአበሻ ጥድ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ምስጥም ብስባሴም በቀላሉ አይደፍረውም። ነገር ግን እሱን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የመናገሻ ደን ዘር ከእሱ እንደተወሰደ የሚነገርለት፣ በአንኮበር አካባቢ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ለማንም ቤት ሲባል ሊሳሳ አይገባውም። ዋጋውም ውድ ስለሆነ አስመሳዩ ብዙ ነው። የአጎቴ ልጅ የአበሻ ጥድ ብሎ የገዛው ግንዲላ ሲሰነጠቅ የፈረንጅ ጥድ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩ ልዩነቱን አልመለሰለትም። መለያው አስቸጋሪ አይደለም፤ ጫፉን በመጋዝ አስቆርጡና ልቡን እዩት። የአበሻው ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል፤ የፈረንጁ ወደ ቢጫነት ያደላል። ሕጋዊ ፈቃዱን ሳታዩ ደግሞ ገንዘብ አትክፈሉ።

የፈረንጅ ጥድ የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ መሬት እንዲነካ መተው የለበትም። ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የድንጋይ መሠረት ይነሣለት፤ የመንዝና የተጉለት ግንበኛ ድንጋይን ያውቅበታልና በዚህ አትሥጉ። ጣሪያው ከግድግዳው ሰፋ ብሎ ይውጣ። ግንዲላው ሲደርቅ ተኮማትሮ ግድግዳው ዝቅ ስለሚል በርና መስኮት ላይም ባዶ ቦታ ይተው፤ በ3 ሜትር ግድግዳ ላይ 5 በመቶ መኮማተር 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ስለሆነ ቦታ ካልተተወለት መስኮቱ ተጨፍልቆ አልከፈት ይላል። አናጺዎቻችን ቋሚ አቁሞ በማገር መምታት እንጂ ግንዲላ አጋድሞ ማነባበር ስላልለመዱ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለቆርቆሮው አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራልና፣ 28 ተብሎ 32 የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ከመጫናችሁ በፊት በመለኪያ አስለኩት፤ በጣርማ በር ንፋስ ስስ ቆርቆሮ ከሚስማሩ እየተቀደደ ይነሣል።