ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ ወይስ ቡልኮ? ሸማ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ንጽጽር

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ለአባቴ ጋቢ ገዛሁ። ነጭነቱ ዓይን ይስባል፣ ጥለቱ ያምራል፣ ሲዳሰስም ጠንከር ያለ ነበር። ሻጩ «የእጅ ፈትል ነው» አለኝ፤ አመንኩት። መጋቢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ያ ሁሉ ጥንካሬ ከውኃው ጋር አብሮ ወረደ። የቀረው የሳሳና የተጨማደደ፣ ትከሻ ላይ የማይረጋ ጨርቅ ነው። አባቴ እኔ እንዳላዝን ብሎ ዛሬም ይለብሰዋል። እናቴ ግን ጫፉን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ «ይህ ማግ እንዝርት አያውቅም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሸማ ስገዛ የማይበት ቅደም ተከተል ተለውጧል። መጀመሪያ ማጉን (በቁመት በተወጠረው ድር መካከል በአግድም የሚገባውን ክር)፣ ቀጥሎ የሚለበስበትን ወቅት፣ ጥለቱን በመጨረሻ። ብዙዎቻችን ግን ከጥለቱ እንጀምራለን፤ ሱቁም የሚያስቀድምልን እርሱን ነው።

የእጅ ፈትል እና የፋብሪካ ማግ

«የእጅ ፈትል» ሲባል ሙሉ ጨርቁ በእጅ የተፈተለ ነው ማለት አይደለም። ዛሬ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ድር ተወጥሮ የሚቆይ በመሆኑ ጠንካራና ወጥ ክር ይፈልጋል። በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ፈትል ነው?» ከማለት «ማጉ የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄው ራሱ ገዢው ነገሩን እንደሚያውቅ ይናገራል።

የእጅ ማግ ዋጋው የሚወደድበት ምክንያት አለው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሳቱ በፊት የአንዲት ሴት የብዙ ቀን ድካም እዚያ ላይ አርፏል፤ መፍተሉ ከመሸመኑ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ስለ ሸማ ሲወራ የሸማኔው እጅ ይመሰገናል፤ የፈታይዋ ስም ግን አይነሳም። እኔ ይህ ያሳዝነኛል። የጋቢው ሙቀት የመጣው ከእርሷ ጣቶች ነውና።

ሙቀቱ የቃላት ማሳመሪያ አይደለም። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ላላ ብሎ ስለሚገመድ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ብርድን የሚከለክለው ያ አየር ነው። በታጠበ ቁጥር ይነፋፋል፣ ይለሰልሳል። የፋብሪካ ጥጥ ማግ ደግሞ ቀጭን፣ ወጥና በደንብ የተገመደ ነው። ስለዚህ ይቀዘቅዛል፣ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መተሻሸትንም ይችላል። አንዱ ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ አይደለም። ለጋቢ የእጅ ማግ ካልሆነ ገንዘቤን አላወጣም። በየቀኑ ለሚለበስ ነጠላ ግን የፋብሪካ ጥጥ ማግ በቂ ነው፤ ሻጩ ስሙን ሳይለውጥ ዋጋውንም በዚያው ልክ እስከጠየቀ ድረስ።

ከሁለቱም መለየት ያለበት ሦስተኛው ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር። ያብረቀርቃል፣ መጨማደድ አያውቅም፣ ላብ አይመጥም። ለመለየት ከዘርፉ አንድ ክር መዝዞ፣ ከልብሱ አርቆ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ይጠቀለላል፣ ሲበርድም ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ምድጃና ከሰል አጠገብ የሚለበስ ጋቢ ከእንዲህ ያለ ክር መሠራቱ አደጋም ጭምር ነው። ሻጩ ክር ማስመዘዝ ካልወደደ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይቻላል።

እሳት ሳይነካ የሚደረገው ምርመራ ሁለት ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት፦ የእጅ ማግ አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ እብጠቶች ይታዩበታል። ሁሉም መስመር እንደ ደብተር ወረቀት እኩል ከሆነ እንዝርት አልነካውም። ቀጥሎ ጫፉን በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጎ ማሸት፦ ነጭ ብናኝ ከወረደ ጨርቁን ለማጠንከር የተቀባ ስታርች ነው። የአባቴን ጋቢ ጠንካራ ያስመሰለው ይኸው ነበር።

አራቱ፣ ጎን ለጎን

ነጠላ ከሁሉም ስሱ ነው። ለበጋ ፀሐይ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቀሚስ መደረቢያ የሚሆን እርሱ ነው። ሲገዛ መታየት ያለበት ንጣቱና ጥለቱ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱ ነው፤ ጭንቅላትን ሸፍኖ በትከሻ ላይ ለመጣል የማይበቃ ነጠላ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክሉት ያስውላል። አንድ ብቻ የምትገዛ ሴት ጥለቱ ጠበብ ያለውን ብትመርጥ ይጠቅማታል። ነጠላ ለደስታም ለሐዘንም ይወጣል፤ ለቅሶ ቤት ሲዘቀዘቅ ሰፊና አንጸባራቂ ጥለት ከፊት ሆኖ ያስጨንቃል።

ኩታ ከነጠላ ከበድ፣ ከጋቢ ቀለል ይላል። በአብዛኛው ወንዶች ይለብሱታል። ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ቀትር ላይ ሞቃት ለሆነ ቀን ከእርሱ የሚሻል የለም። ጋቢ ለብሶ ወጥቶ ረፋድ ላይ ተሸክሞት ለሚዞር ሰው የምመክረው ኩታን ነው።

ጋቢ አራት እጥፍ ነው። የክረምት ዝናብና የታኅሣሥ ውርጭ ልብስ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይደረባል። የሸማኔው እቃ ጠባብ በመሆኑ ቁራጮቹ መሐል ላይ በስፌት ይገጣጠማሉ። እዚያ ስፌት ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፦ ጥለቱ ከወዲህና ከወዲያ መግጠም አለበት፣ ስፌቱም ሳብ ሲደረግ መከፈት የለበትም። ከዚያ እጥፎቹን በእጅ ለያይቶ ውስጡን ማየት ነው። ከላይ ጥሩ ማግ፣ ከውስጥ የሳሳ ማግ የተደረበበት ጋቢ አጋጥሞኛል።

ቡልኮ ከሁሉም ይከብዳል፤ ማጉም ወፍራም ነው። እንደ ጨንቻ ባለ ደጋ ሌሊቱን ለሚያውቅ ሰው ክብደቱ ራሱ ምቾት ነው። ሆኖም ውኃ ሲጠጣ አንድ ሰው ብቻውን ጨምቆ አያነሳውም፤ ሰፊ ማስጫም ይፈልጋል። በጠባብ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ ከቡልኮ ይልቅ ሁለት ጋቢ መግዛት የተሻለ ይመስለኛል። ለደጋ ቤትና ለአልጋ ልብስ ከሆነ ግን ቡልኮን የሚተካ የለም።

ጥበብ፣ ጥልፍ እና ህትመት

ለቀሚስ የሚገዛ ሰው እነዚህን ሦስቱን ይለይ። ጥበብ ሸማኔው ጨርቁን እየሠራ በእቃው ላይ የሚያስገባው ነው፤ የጨርቁ አካል ስለሆነ ሊላጥ አይችልም። ጥልፍ ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ወይም በማሽን የሚጨመር ነው። ህትመት ቀለም ብቻ ነው። ለመለየት ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል፦ ጥበብ በጀርባውም ሕያው ነው፣ የማሽን ጥልፍ ጀርባው ላይ የክር ትብትብና አንዳንዴም የተለጠፈ ስስ ነገር ይታያል፣ ህትመት ደግሞ ጀርባው ገርጥቷል። ከውጭ የሚገባው ባለ ህትመት ቀሚስ ርካሽ በመሆኑ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም። የምቃወመው «የሸማኔ ሥራ» ተብሎ ሲሸጥ ነው፤ በሸማኔው ስም ሸማኔው ያላገኘው ገንዘብ ይሰበሰባል።

የጥለቱን ቀለም ለመፈተን ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ማሸት ነው። ቀይና ጥቁር ከሁሉም በላይ ይለቃሉ።

መቼ ይገዛ?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል የገበያውንም ባሕርይ ይነግረናል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ሁሉም ይፈልጋል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ከዚያ ወዲያው እስከ ዐቢይ ጾም የሚዘልቀው የሠርግ ወቅት ይከተላል። በእነዚህ ሳምንታት ዋጋ ይንራል፤ ከዋጋው በላይ የሚጎዳው ግን የሥራው ጥራት ነው። ሸማኔው ሌሊት ይሠራል፣ ማጉን እንደ ወትሮው አጠጋግቶ ለመምታት ጊዜ የለውም፣ የእጅ ፈትል ሲያልቅበትም የፋብሪካ ክር ይተካል። የእኔን ስህተት ግማሹን የሠራው የገዛሁበት ቀን ነው።

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንታት ግን ሠርግ የለም፣ ፋሲካም ገና ሩቅ ነው። ሸማኔው ለአንድ ጋቢ ልብ ሊሰጥ የሚችልበት ጊዜ ይህ ነው። ያን ጊዜ የታዘዘ ጋቢ ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ ደግሞ በጥቅምት ቢታዘዝ ለልኬትም ለማስተካከያም ጊዜ ይተርፋል። ሐምሌም ጸጥ ያለ ነው፤ እንቁጣጣሽን ለሚያስብ ሰው ይመቻል።

መስከረም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሽሮ ሜዳ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ዶርዜዎችን ጨምሮ መስቀልን ለማክበር ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። መስቀል መስከረም 17 ነው። በዚያ ሰሞን «በሳምንት ይደርሳል» የሚል ቃል ቢሰጥም መተማመኛ አይሆንም። ይህ ቅሬታ የሚቀርብበት ነገርም አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ተለይቶት የኖረውን ቤተሰቡን ሊያይ የሄደ ሰው ነው።

ከማን?

ከሸማኔው በቀጥታ የሚገዛ ሰው ማጉን፣ ልኩንና ጥለቱን ይመርጣል፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ለሠራው ሰው ይደርሳል። በአንጻሩ ቀብድ ይከፍላል፣ ይጠብቃል። ቀብድ ሲከፈል የማጉ ዓይነት፣ ርዝመቱና የሚረከብበት ቀን በወረቀት ላይ ይጻፍ። ሱቅ ዕለቱን ይሰጣል፣ አነጻጽሮ ለመምረጥም ይመቻል፤ ዋጋው ግን የቤት ኪራዩንና የመካከለኛውን ነጋዴ ትርፍ ጨምሮ ነው። በስልክ በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ መግዛትን ለጋቢ አልመክርም፤ ማግ በእጅ ካልተዳሰሰ አይታወቅም። ነጠላ ከሆነ የጀርባውንና የጫፉን ፎቶግራፍ አስልኮ መሞከር ይቻላል።

የተገዛው ሁሉ በበዓሉ ቀን ከመለበሱ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት ጨርቁን ሳታጥብ ወደ ልብስ ሰፊ ባትወስድ ይበጃታል። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ዛሬ ለስላሳ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል፣ በረኪና ግን ጥለቱን ያበላሻል። ጋቢ ሲታጠብ አይጠመዘዝም፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ተደርጎ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይሰጣል። የሚታጠበውም ሙሉ ፀሐይ ባለበት ቀን ነው። በነሐሴ የታጠበ ጋቢ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆይና ሽታው ለወራት አይለቀውም።