ለባርቢ የሚሆን ቤት፦ ከመደብር የተገዛውና በአናጺ የተሠራው

ልጄ ባርቢ ለሚባሉት ሦስት አሻንጉሊቶቿ ቤት እንድገዛላት ስለወተወተችኝ፣ አምና በግንቦት ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የሕፃናት ዕቃ መደብር ሮዝ ቀለም ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የአሻንጉሊት ቤት ገዛሁ። በማሸጊያው ላይ አንዲት አሻንጉሊት ሰገነት ላይ ቆማ ስለምትታይ፣ መለካት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። ቤት ወስደን ብሎኑን ሁሉ አስረን ከጨረስን በኋላ ግን ባርቢዋ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ልትቆም አልቻለችም። ልጄ ሦስቱንም አስተኝታ «ታመዋል» ትል ጀመር፤ እስከ ክረምት ድረስም በዚያ ቤት ቆሞ የታየ አልነበረም።

ስሕተቱ የመጠን ነው። የባርቢ ቁመት 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም የአዋቂ ሰው ቁመት አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ የተለመዱ የአሻንጉሊት ቤቶች ግን የሚሠሩት በእውነተኛው ቤት አንድ አሥራ ሁለተኛ ልክ በመሆኑ፣ የክፍሎቻቸው ከፍታ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት የፎቁን ብዛት ሳይሆን የአንዱን ክፍል ከፍታ ነው፤ ከ33 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ባይገዛው ይሻለዋል፤ 40 ከሆነ ደግሞ የልጅ እጅ አሻንጉሊቷን እንደያዘ እንደ ልብ ይገባል። ወንበሩም ከወለል እስከ መቀመጫው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊኖረው ይገባል። በዚህ ልክ ሲታሰብ የእኛ የቡና ሲኒ ለባርቢ እንስራ ያህላታል።

የባርቢ አምራች የሆነው ማቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው የመጀመሪያው የባርቢ ቤት ከካርቶን የተሠራ ስለነበር፣ ውድ ዕቃ የግድ ነው አልልም። ይሁን እንጂ የእኛ ሮዝ ቤት ግድግዳው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ በመሆኑ፣ የጣና ዳር ርጥበትና የወለል ውልወላ ተደማምረውበት በሐምሌ ከታች በኩል እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነፋ።

በመስከረም መለኪያና ባርቢዋን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ አናጺ ሄድኩ። ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ፊቱ ክፍት፣ እያንዳንዱ ፎቅ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠራልኝ። ደረጃው ቦታ እንዳይሻማ እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በተገዛው ቤት ደረጃው የሳሎኑን እኩሌታ ይዞት ነበር። ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ስላለሰለሳቸው ስንጥር የሚባል የለውም። ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት አሳልፎ ማስረከቡ ግን አላስደሰተኝም፤ የቫርኒሹ ሽታ እስኪለቅም ቤቱን አንድ ሳምንት በረንዳ ላይ ማቆየት ነበረብን።

ሌላው ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ለጽዳት ለማንሳት ሁለት ሰው ይጠይቃል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የመኝታ ክፍሉ በር አብጦ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ ጠርዙን ጥቂት ካሸሁት ወዲህ ይዘጋል።