አረንጓዴ ኩላንት ሮዙ ላይ ጨምሬ 8 ወር ነዳሁ፣ ውጤቱ ይኸው

ቶዮታ ቪትዜ ውስጥ የነበረው ሮዝ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ጎድሎ አረንጓዴ ከጨመርኩበት 8 ወር ሆነኝ። ሰባቱን ወር ጅማ ውስጥ ከመርካቶ አጂፕ ስመላለስባት ምንም አላለችም፣ እንደውም ጥሩ ዕቃ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር።

ባለፈው ከአዲስ አበባ ስንመለስ ግቤን ተሻግረን ወደ ሳጃ ዳገቱን ስይዝ ቀይዋ የሙቀት መብራት በራች። ይቺ መኪና የሙቀት ቀስት የላትም፣ ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ ስትግል ቀይ ነው በቃ፣ ቀይ ካየህ ዳር ይዘህ ማጥፋት ነው። ልጆቼ ኋላ አሉ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን ሞተሩ በደንብ ሲበርድ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። ሮዝም አረንጓዴም የለም፤ ቡኒ ሆኖ እንደተነከረ አብሽ ይዝለገለጋል፣ ጣቴን ብከት ተጣብቆ ወጣ። ውሃ እየጨመርን እያሳረፍናት ማታ ጅማ ገባን።

ሻጩን ያኔ ጠይቄው ነበር እኮ! "ውስጡ ያለው ሮዝ ነው፣ ይስማማዋል?" ስለው "ወንድሜ ኩላንት ያው ኩላንት ነው፣ ቀለሙ ነው የሚለየው" አለኝ። አይደለም ወንድሜ! ቀለሙማ ማቅለሚያ ነው፣ አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ያለውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ልዩነቱ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ኬሚካል ላይ ነው። የድሮው ዓይነት አረንጓዴ ብዙውን ጊዜ ሲሊኬት አለበት፣ የቶዮታ ሮዙ ግን ያለ ሲሊኬት በኦርጋኒክ አሲድና በፎስፌት ነው የተሠራው። ሲደባለቅ ሁሌ አይረጋም፣ አንዳንዴ ዕድሜው ብቻ ነው የሚያጥረው፣ የኔ ግን ረግቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ደፈነው። ሮዙ እኮ በአዲስ መኪና የመጀመሪያውን 160,000 ኪሎሜትር ሳይቀየር እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው! ግማሽ ሊትር ስለጎደለ ብዬ ሁሉንም አበላሸሁት፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መካኒኩ አምስት ጊዜ ውሃ እየሞላ፣ ሂተሩን ከፍቶ ሞተሩን እያስነሳ፣ እየደፋ አጠበው፣ አምስተኛው ላይ ነው ጠርቶ የወጣው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) በሙቀቱ አልተቆለመመም፣ ተመስገን። አሁን ከውሃ ጋር ተበጥብጦ የሚሸጠውን ሮዙን ብቻ ሞልቻለሁ፣ ዋጋው ቢወደድም።

አረንጓዴው ለብቻው መጥፎ ነው አልልም፣ እኔ ግን ዳግም አልገዛውም። የተረፈው ግማሽ ጀሪካን ጓዳ ተቀምጧል። ትናንት ጎረቤቴ ለኮሮላው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ቦኔቱን ከፍተህ ውስጡ ያለውን አሳየኝ አልኩት።