ከጥርስ ነቀላ ጋር አብሮ የሚሠራው አጥንት የማቆያ ህክምና፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን ቅሬታም አለኝ

ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ከመነቀሉ በፊት ይህን አንብቡት፤ ህክምናው የሚሠራው እዚያው በነቀላው ሰዓት ነው።

የላይኛው የፊት ጥርሴ ሥሩ ተሰንጥቆ መውጣት ነበረበት። ሐኪሟ ጥርሱ የወጣበትን ጉድጓድ በአጥንት ብናኝ ሞልታ፣ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ከድና ሰፋችው። ለምን መሰላችሁ? በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የራሳችን አጥንት እዚያ የቆየው ጥርሱን ለመያዝ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ሥራ ያጣና ይሟሟል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ ከስፋቱ በአማካይ ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋው፣ ከቁመቱም ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይሄዳል። በተለይ የፊት ጥርስ ላይ በከንፈር በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፣ ድዱም ተከትሎት ይሰረጉዳል።

እኔ ግን ከብናኙ በላይ የወደድኩት አነቃቀሏን ነው። ጉልበት የለም፣ መወዝወዝ የለም። ቀጭን ስለት በጥርሱና በአጥንቱ መሃል እያስገባች ቀስ ብላ አላቀቀችው፣ ድዱንም አልቀደደችውም። ግድግዳው ከተሰበረ በኋላ ብናኝ መሙላት በጣም ከባድ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ክሊኒክ ስትመርጡ መጀመሪያ «እንዴት ነው የምትነቅሉት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ብናኙ ከምን እንደተሠራ እኔ እስክጠይቅ ድረስ ማንም አልነገረኝም! የእኔ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ነው። ከሰው ለጋሽ የሚገኝም፣ በፋብሪካ የሚሠራም፣ ከራስ አጥንት የሚወሰድም አለ። በእምነቱ ወይም በሌላ ምክንያት አንዱን የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ እና ይሄ ሰውየው ከመፈረሙ በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ሕመሙ ከተራ ነቀላ ብዙም አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሸዋ የመሰሉ ፍሬዎች ምላሴ ላይ ሲመጡ ደንግጬ ነበር፤ ጥቂት ከሆኑ የተለመደ ነው ተባልኩ። በኃይል መጉመጥመጥ፣ በስትሮ መጠጣትና ሲጋራ ግን ጭራሽ አይሆንም።

ተአምር አትጠብቁ። መሟሟቱን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ ለሙሉ አያስቀረውም። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለማስተከልም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር መታገስ ግድ ነው። የእኔን በራጅ ሲያዩት ስፋቱ በቂ ስለነበር ሌላ የአጥንት ቀዶ ህክምና አላስፈለገኝም፣ ለእኔ ዋጋው እዚህ ላይ ተመልሷል። በምንም ለማይተካ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ግን አላሠራውም፤ እዚያ ሊሸጡላችሁ ከሞከሩ ምክንያቱን በደንብ አስረዱኝ በሏቸው። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ስኳራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ንገሯቸው።