ባለማግኔት የዘይት ብሎን በአሮጌዋ ሆንዳ ሲጂ 125 ላይ፦ ከወራት በኋላ

በሞተር ሳይክላችሁ ላይ በዘይቱ ውስጥ ያለውን የብረት ብናኝ የሚይዝ ባለማግኔት የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ካለ፣ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ማግኔቱን በፒንሳ ሳቡት። የእኔው ተነቃንቋል፤ ጉልበቱም አልቋል። አዲስ ሳለ የ14 ቁልፍ አንጠልጥሎ ይይዝ ነበር፤ አሁን ሚስማር እንኳ በቅጡ አይዝም።

ጥፋቱ የሙቀት ነው። በርካሽ ብሎኖች ላይ የሚጣበቀው ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት የሚችለው ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሰውና ዕቃ ጭኖ እንጦጦን ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሲሻገር ግን ዘይቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማጣበቂያውም አብሮ ይለቃል። የመለዋወጫ ሻጩ «ማግኔት ማግኔት ነው» ይላችኋል። አይደለም! ሳማሪየም ኮባልት የሚባለው ዓይነት 250 ዲግሪ ይችላል፤ ዋጋውም የተለየ ነው። ተሰባሪ የሆነ ማግኔት ወልቆ ስባሪው ካምቢዮው ጥርስ መሃል ቢገባ ደግሞ ከብሎኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ከመግጠማችሁ በፊት ፈትኑት። ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሳ እዩና ግማሽ ሰዓት በፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፈተናው ከሞተሩ ይቀላል። ሲቀዘቅዝ ያንኑ ክብደት ካላነሳ ለሻጩ መልሱለት።

«ባለማግኔት ብሎን ፊልተር ይተካል» የሚለው ወሬ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። ሲጂ 125 የወረቀት ፊልተር የላትም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ይጋራሉ። ማግኔት የሚይዘው የብረት ብናኝ ብቻ ነው። የፒስተን አሉሚኒየም፣ የፍሪሲዮን ብናኝና የኮረኮንች መንገድ አቧራ አጠገቡ ያልፋሉ። እነዚህን የሚይዘው በክራንክ ሻፍቱ ቀኝ ጫፍ ላይ አብሮ የሚሽከረከረው ማጣሪያ ነው፤ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው ወርውሮ ያጋግረዋል። ብዙ ጋራዥ ግን ጨርሶ አይከፍተውም።

አከፋፈቱ ከባድ አይደለም። ዘይቱን አፍስሱ፤ የእግር መርገጫውን፣ የፍሬን ፔዳሉንና የማስነሻ ፔዳሉን አውጡ፤ የፍሪሲዮኑን ገመድ ፈትታችሁ የቀኙን ሽፋን ንቀሉ። የማጣሪያውን ክዳን ቪቲዎች በልኩ መፍቻ ፍቱ፤ ራሳቸው ቶሎ ይበላል። የተጋገረውን በእንጨት ፍቁ፣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ኮምፕረሰር አትንፉበት፤ ቆሻሻውን መሃል ባለው ቀዳዳ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ቤሪንግ ይገፋዋል። ለሽፋኑ አዲስ ጋስኬት ያስፈልጋል። የብሎኑ ብር ለዚህ ቢውል ይሻላል።

ማግኔቱ ጉልበት ሳለው አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይህን አልክድም። ብሎኑ ላይ ግራጫ ሊጥ መሰል ብናኝ ማየት የተለመደ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚወጋ ስንጥር ካለ ግን ካምቢዮው ይከፈት።

ሌላ ለመግዛት የቆረጠ ሰው በማጣበቂያ የተለጠፈውን ትቶ ማግኔቱ ብረቱ ውስጥ ተጨምቆ የገባውን ይምረጥ። ጥርሱ ከድሮው ብሎን ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ፤ ውፍረታቸው 12 ሚሊሜትር ሆኖ በጥርሶቻቸው መካከል ያለው ርቀት 1.25 እና 1.5 ሚሊሜትር የሆኑት በዓይን አይለዩም። ጥቂት ዙር በእጅ ካልገባ አታስገድዱት፤ የሚበላው የሞተሩ አሉሚኒየም ነው። አዲስ ሮንዴላ አድርጉ፣ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ጃሶ ኤምኤ (በዘይት ውስጥ ለሚሠራ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሆን ደረጃ) የሚል 20ደብሊው-50 ውፍረት ያለው ዘይት 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ሞልታችሁ መለኪያውን ሳታጠብቁ፣ አስቀምጣችሁ ብቻ አንብቡ። ለአዲስ መኪና የተሠራውን ቀጭን ዘይት ግን አትሙሉ፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።